ሾርባውን መክሰስ

በምንኖርበት በከኒሳ ቀሴ ከሰዓት በኋላ መብራት ከጠፋ ሥራም አብሮ ይጠፋል። እኛ በዚያ ሰዓት ስፓኒሽ እንማራለን። ልጆቹን ወደ ትምህርቱ የጎተታቸው ላ ሊጋ ነው፤ የተጫዋቾቹን ቃለ መጠይቅ ያለ አስተርጓሚ መስማት ይፈልጋሉ። እኔን የጎተተኝ ቡናው ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ነውና።

መምህራችን ከካራማራ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረው፣ በእርሻ ተመርቀው ተመለሱ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል። እኔም እንደዚያው፤ የዕድሜ እኩያዬን «ጋሼ» ማለት ከበደኝ።

ሰሞኑን የደረስነው «ቅሬታ ማቅረብ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ነው። ደንበኛው፦ «ፔርዶኔ፣ ላ ሶፓ ኤስታ ፍሪያ» ይላል። ይቅርታ፣ ሾርባው ቀዝቅዟል ማለቱ ነው። አስተናጋጁ ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቅና ወዲያው ሌላ ትኩስ ያመጣል። እዚህ ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሰዋስዉን አምነን ተቀበልን፤ አስተናጋጁን ግን ማመን አቃተን።

ቲቸር ሁለት ልጆች አስነስተው አጫወቱ። ደንበኛ የሆነው ልጅ ያደገው በሥርዓት ነው፤ ሰላም ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር መሆኑን ያውቃል። «ቡዌናስ ታርዴስ፣ ኮሞ ኤስታ? ላ ፋሚሊያ? ሎስ ኒኞስ? ላስ ባካስ?» ብሎ ከቤተሰቡ እስከ ልጆቹ፣ ከልጆቹ እስከ ላሞቹ ጠየቀ። አስተናጋጁም ላሞቹ ደህና መሆናቸውን ገልጾ የርሱን ላሞች ጠየቀ። በዚህ መሃል ትኩሱም ሾርባ ቢሆን መቀዝቀዙ አይቀርም። ግን የላሞቹን ደህንነት የጠየቅከውን ሰው በምን አንጀትህ ስለ ሾርባ ትከሰዋለህ? ልጁ «ግራሲያስ» ብሎ ተቀመጠ። ቲቸር ማርክ ቆረጡበት። እኔ ብሆን አልቆርጥም ነበር።

የስፓኒሽ ቅሬታ ደግሞ እንደ ደመወዝ እርከን አለው። ጀማሪ መክሰስ የሚችለው ሾርባውን ብቻ ነው፦ ቀዝቅዟል፣ ጨው በዝቶበታል፣ ዝንብ አለበት። ወደ አስተናጋጁ መሻገር ቢያምረው፣ ቀዝቃዛ ስላመጣህልኝ ተናድጃለሁ ሊል ቢፈልግ፣ «ሜ ሞሌስታ ኬ» ብሎ ይጀምርና ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግስ «ሱብኹንቲቮ» በሚባል መልክ ነው የሚረባው። እሱ ደግሞ ለጀማሪ አይሰጥም። ስለዚህ እኛ ዕቃ ብቻ እንከሳለን። ቧንቧው አይሠራም፣ መብራት የለም። ማን እንዳጠፋው ለመናገር ገና ደረጃችን አልደረሰም። (አማርኛ አቀላጥፈው እየተናገሩ ከዚህ ደረጃ ያላለፉ ብዙ የስብሰባ ተናጋሪዎች አውቃለሁ።)

ቲቸር ግን ኩባ ውስጥ ማማረርን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነዳጁም ዳቦውም ከኩባ ራቀ፤ መንግሥት ዘመኑን «ልዩ ወቅት» አለው። መብራት ለረጅም ሰዓት ይጠፋል፣ ሕዝቡ ከ1962 ጀምሮ የሚገለገልበትን የራሽን ደብተር ይዞ ይሰለፋል። ኩባዎች ታዲያ እንዴት ነህ ሲሏቸው «ኖ ኤስ ፋሲል» ይላሉ፤ ቀላል አይደለም እንደማለት። እኛ ሰላምታው ቅሬታውን ሲያስረሳን እነርሱ ከሰላምታው ጋር አዋሕደው ገላገሉት።

ቲቸር ይህን ሲተርኩ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፋሲል ከነማን ነው?»

ትምህርቱ ለዚያ ቀን በዚሁ አበቃ። በኳስ ወሬ ጎንደር ድረስ ሄደን፣ በዳኛ ተማርረን፣ በአሰልጣኝ ተማርረን፣ ሁሉንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ያለ አንዳች የሰዋስው ችግር ተወጣነው። ስም እየጠራን ነበር።

ቲቸር የቤት ሥራ ሰጡ፦ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ቅሬታ፣ እውነተኛ፣ በአሁን ጊዜ ግስ ብቻ። ብዙዎቻችን ስለ ውሃ ጻፍን። ከሁላችን ጎበዟ ልጅ ግን ለራሳቸው ለቲቸር ጻፈች፦ ትምህርቱ ዘግይቶ ይጀምራል፣ መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው፣ ሱብኹንቲቮ ሁልጊዜ የሚመጣው ሳምንት ነው።

ቲቸር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት የአነባበብ ምልክት አስተካክለው ከ10 ዘጠኝ ሰጧት። ስለ ቅሬታው አንዲት ቃል አልጻፉም።