ይድረስ ለቶንጎው የእንግሊዝኛ መምህሬ

ውድ ጋሼ፣ እኔ ከለንደን ብርድና ከቤት ኪራዩ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈው ያስጠኑንን «አይ አም ፑር» የሚል ሰው እዚህ እስካሁን አልገጠመኝም። ድህነት ጠፍቶ እንዳይመስልዎት፤ ስሙን ነው የሚደብቁት። አብሮኝ ዕቃ የሚያወርድ ልጅ ደመወዝ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው «ብሮክ ነኝ» አለኝ። ተሰብሯል ብዬ ከባድ ከባዱን ካርቶን እየቀማሁ ስሸከምለት ዋልኩ። ማታ አምስት ፓውንድ አበድረኝ ሲለኝ ነው ስብራቱ የት እንደሆነ የገባኝ።

በወሩ ቃሉን ቀየረና «ብራሲክ ነኝ» አለ። ጠያይቄ ደረስኩበት። «ስኪንት» ማለት ቆዳው የተገፈፈ፣ ቤሳ ቤስቲን የሌለው ማለት ነው። የምሥራቅ ለንደን ሰዎች ደግሞ ነገርን ቤት በሚመታ ቃል መሸፈን ይወዳሉ። ለ«ስኪንት» ቤት የሚመታለት «ቦራሲክ ሊንት» ተገኘ፤ ድሮ ቁስል የሚሸፈንበት መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ። ከዚያ ቤት የሚመታውን «ሊንት»ን ጣሉት፤ «ቦራሲክ»ም እየተሸራረፈ «ብራሲክ» ሆነ። ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅኔ ነው! ሰሙ የቁስል ጨርቅ፣ ወርቁ ወርቅ ማጣት። ከቤኒሻንጉል፣ ከወርቅ አገር ተነሥቼ ይህን ለመማር ባሕር መሻገሬ!

«እንደ ቤተ ክርስቲያን አይጥ ድሃ» የሚሉት ግን አልተዋጠልኝም። ዝክርና ጠበል ጸዲቅ በማይታጣበት በእኛ አገር፣ ደጀ ሰላም ያደገች አይጥ ድመት ታስፈራለች። «ለዝናብ ቀን ገንዘብ አስቀምጥ» ሲሉኝም ስቄ ነበር፤ ዝናብ በረከት እንጂ ምን ክፉ ቀን አለው ብዬ። በኋላ ነሐሴ ትዝ አለኝ፤ ማሽላው ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት፣ መኪናውን ጭቃ ሲይዘው። ሳቄን ዋጥኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድሜ ለቤቱ ቆርቆሮ ብር ላክ ብሎኛል። «ነጣሁ» ብለው፣ «ለንደን የገባ ሰው የሚነጣው ፊቱ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ እርስዎ በተከበረ አንደበትዎ «ልጁ ብራሲክ ሆኗል» ብለው ያስረዱልኝ። እናቴ ሹመት መስሏት እልል ማለቷ አይቀርም፤ እስከ ወር መጨረሻ ድረስ እባክዎ አይተርጉሙላት።