ቡናው በርብራብ፣ ባለቤቱ በርጥበት

የዲላን ቡና ነጋዴ በእርጥበት ነገር ማታለል አይቻልም። ከጆንያው እፍኝ ቡና ዘግኖ ያንኮሻኩሻል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ነከስ ያደርጋል፤ ቀና ሳይል «ገና ነው፣ ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል» ይላል። የተጠራጠረ ካለ መለኪያው ይመጣል። እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ አካባቢ ካልወረደ ቡናው መጋዘን አይገባም። ከገባም ክብሩ አይጓደልም፤ ጆንያው በርብራብ ላይ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ሆኖ ይደረደራል። ጆንያ ግድግዳ ያስነካ ጫኝና አውራጅ ወዮለት።

ይኸው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። አልጋው ከላበው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። ቁም ሣጥኑ ጀርባውን ለእርጥብ ልስን ሰጥቶ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው፣ ለልጁ ሠርግ ያሰፋው ሙሉ ልብስ ኮሌታው ላይ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ጥቁር ጫማው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ጨው እንኳ ከዕቃው አልወርድ ብሎ በማንኪያ ይፈነቀላል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «የዲላ አየር ነዋ!» ይላል። ይህ የዲላ አየር መጋዘኑን እንዴት እንደሳተው የጠየቀው የለም።

ቡና ዋጋ ያወጣበት ዓመት መጣና መፍትሔው ተሰማ፤ አየር እየሳበ ውሃ የሚያወጣ ማሽን አለ ተባለ። አሜሪካ ላለው የእህቱ ልጅ ተደወለ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ንግግሩን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ስንት በስንት ነው?»

«ሰፊ ነው።»

«መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል?»

«መስኮቱን ተወው፤ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት መሆኑን ታውቃለህ።»

«እርጥበቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ለክተውታል?»

«አንተ ልጅ፣ ትልቁን ላክ ብዬሃለሁ!»

«ትልቁ» የሚባለው መለኪያ በአገራችን የማይሠራበት ነገር የለም። ቴሌቪዥኑም፣ የውሃ ታንከሩም፣ የሠርግ ድንኳኑም የሚመረጠው በእሱ ነው።

ትልቁ መጣ። ካርቶኑ ላይ 50 የሚል ተጽፏል። ነጋዴው 50 ሊትር ነው አለ፤ ሚስቱ 50 ካሬ ነው አለች፤ ልጁ ኪሎው ነው ብሎ ተከራከረ። 50 ፓይንት ነበር። በእኛ ሊትር ወደ 24 ይጠጋል፤ ያውም ማሽኑ ሌትና ቀን ሳያርፍ፣ መብራትም ሳይጠፋ ከሠራ። በዚያ ላይ የአሜሪካ ዕቃ የሚፈልገው 110 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት 220። ስለዚህ ለብቻው ሸክም የሚሆን ትራንስፎርመር ተገዛ፤ ማሽኑ ሲያንሾካሹክ ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል።

ቁጥሩም ቢሆን እንደ ሚዛን ድንጋይ የጸና አይደለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ እነዚህን ማሽኖች የሚፈትኑት 27 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈተናው 18 ዲግሪ ገደማ ወዳለው ቀዝቃዛ ክፍል ተዛወረና፣ ትናንት 70 ይባል የነበረው ማሽን ብረቱ ሳይለወጥ 50 ተባለ። በሌላ በኩል ከቻይና ከሚመጣው ብዙው 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል የተለካ ነው። 30 ዲግሪ! በጌዴኦ ደጋ ቡሌ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር የሚያመሽ ሰው ይህን ቢሰማ የት አገር ነው ብሎ ይጠይቃል። ባለ ኮምፕሬሰሩ ማሽን አየሩን በቀዘቀዘ ብረት ላይ አሳልፎ ውሃውን ያንጠባጥባል፤ ክፍሉ ራሱ ሲቀዘቅዝ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በረዶም ይይዘዋል። ለደጋው ሰው የሚሻለው እርጥበት በሚመጥ ቅመም የሚሠራው ዓይነት ነው፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ «አይበላም» ተብሎ የምናገኘው ከረጢት ታላቅ ወንድም መሆኑ ነው። ትልቁን ያዘዘ ሰው ግን ዓይነቱን አይጠይቅም።

የት ይቀመጥ የሚለውማ አላከራከረም። ሻጋታው መኝታ ቤት ነው፤ ማሽኑ ሳሎን ገባ፤ በቴሌቪዥኑና በፕላስቲክ አበባው መካከል። በሩ ለእንግዳ፣ መስኮቱ ለነፋስ ክፍት ነው። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ዝናብ ደጅ የከለከለው ልብስ ጓዳ ውስጥ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ማሽኑም ውሃ አወጣ። ታንኩ ሲሞላ ቀጥ ስለሚል ልጆቹ በተራ ይደፉለታል። ነጋዴው ደስታውን አልቻለውም፤ ቡና ሊጠጣ ለመጣ ሁሉ «ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ተደፋ!» እያለ ያበስራል።

እስቲ ይሰላ። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስኪጠግብ ቢጠጣ የሚሸከመው ውሃ 17 ግራም ያህል ነው። የክፍሉ አየር በሙሉ ቢጨመቅ አንድ ሊትር አይሞላም። ታዲያ አራት ታንክ ውሃ ከየት መጣ? ጥቂቱ ከተሰጣው ልብስ ነው፤ ጥቂቱ ከጀበናውና ከሰዉ ትንፋሽ ነው፤ የቀረው በመስኮቱና በዚያ በድመቷ ቀዳዳ የገባ ነው። ሰውየው ቤቱን ትቶ ጌዴኦን እያደረቀ ነበር።

ጌዴኦ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይደርቅም። ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ጥሎ፣ እንሰቱ ውሃ ቋጥሮ፣ ቡናው ከሥር ተጠልሎ፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ትውልድ ሲተክልና ሲንከባከብ የኖረበት መሬት ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። አዲስ አበቤው አደይ አበባ ሲያይ ጃንጥላውን ይሰቅላል፤ እዚህ ግን የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ይደግማል። ከዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ማሽን ትግል መግጠም፣ ያውም በር ከፍቶ፣ እኔ በበኩሌ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ግድግዳውን እንዲያይ የተጠራ ግንበኛ ሳሎን አልገባም፤ ቤቱን በጓሮ በኩል ዞረው። አሸንዳው ተገንጥሎ የጣሪያው ውሃ በሙሉ መኝታ ቤቱ ሥር ይወርዳል። ቤቱ የተሠራው ዳገቱ ተቆርሶ ስለሆነ አፈሩ የኋላ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ግንበኛው የላስቲክ ቁራጭ አምጥቶ ጠርዙን በፕላስተር አሽጎ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ በሁለተኛው ቀን ገለጠው። ጀርባው ረጥቧል። ፊቱ ቢረጥብ ኖሮ ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ ጀርባው ከረጠበ ውሃው የሚመጣው በግንቡ በኩል ነው። ማሽኑ በቀን የሚያወጣውን የአንድ ከሰዓት ዶፍ ይመልሰዋል። «መጀመሪያ አሸንዳ፣ ቀጥሎ ከኋላ ቦይ» ብሎ ሄደ። ምክሩ አልተወደደም። አሸንዳ አስጠግኖ ጎረቤት ጠርቶ «እዩልኝ» ያለ ሰው ማን አለ?

የቤት እርጥበት መለኪያም አለ፤ መዳፍ የማታህል፣ ከማሽኑ ዋጋ ጋር የማትወዳደር ርካሽ ዕቃ። ከ60 በመቶ በታች ካሳየች ሻጋታ ኑሮው ይከብደዋል፤ ከዚያ በላይ ስትወጣ ነው ማሽን የሚታሰበው። በጥርሱ ቡና የሚለካ ሰው እሷን መግዛት አልታየውም።

በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጎረቤት ጣልቃ ገባ። «አሸንዳው ይሠራ፤ ልብሱ ከጓዳ ይውጣ፤ ቀዳዳው ይደፈን፤ ከዚያ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ላደረ ሰው በቀን አሥር ሊትር የሚያወጣ ትንሽ ማሽን ይበቃዋል፤ ጋሼ፣ ይህንን ይሽጡት» አለ።

«አሥር?» አለ ነጋዴው፤ የቡናው ዋጋ ወርዷል የተባለ ይመስል ክው ብሎ። «አሥሩን ገዝቼ ሳሎን ላስቀምጠው ነው?»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት በበኩሉ ባለ 70 አዝዟል። ቤቱ ገና ጣሪያ አልለበሰም።