ሳሎኑ አልቋል፤ ቤቱ ይቀራል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጣሪያው ቆርቆሮ በለበሰ ማግስት ፎርማን ይሆናል። እስከ ትናንት መምህር፣ ነጋዴ ወይም በቆሎ አምራች ነበር። ፊኒሺንግ ላይ ሲደርስ ግን ለባለሙያ ምክር መክፈል ብክነት ይመስለዋል። «ትልቁ አልቋል፤ የቀረው ማሳመር ብቻ ነው» ይላል።

የሥራው ተራ ምስጢር የለውም። የመብራት ቱቦና የውኃ መስመር ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ መጨረሻ ላይ ቀለም። እኛ ዘንድ ግን ተራውን የሚያወጣው የእንግዳ ዓይን ነው፤ ስለዚህ ሳሎን ቀድሞ ይቀባል። ቀለሙ ሲደርቅ ኤሌክትሪሺያኑ መሮና መዶሻውን ይዞ ከች ይላል። የተፈለፈለው ተደፍኖ እንደገና ቢቀባም መልኩ ከቀድሞው ጋር አልገጥም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቡፌ ማስጠጋት።

ባለሙያዎቹም ሥራ የሚጀምሩት ከእነሱ በፊት የነበረውን በመርገም ነው። «ኧረ ይሄን ማነው የሠራልህ?» ይላል ሴራሚክ ሠራተኛው ወለሉን እያየ። ቀለም ቀቢው ለሳኙን፣ አናጢው ግንበኛውን ያማል። ሐሜቱ ሲያበቃ ቀብድ ይጠየቃል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የባለሙያው ዘመድ ይበዛል፤ በየሳምንቱ ለቅሶ ነው።

ሴራሚኩ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ተጭኖ ይመጣል። ባለቤቱ ለስባሪ የሚሆን ትርፍ መግዛት ስለሚቆጨው ልክ ልኩን ያዛል። ሁለት ካርቶን ሲጎድል ያው መልክ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ በሶፋው ሥር ያለው ወለል የሌላ ቤት ይመስላል።

ገንዘቡ በርበሬና በቆሎ ሲሸጥ ይመጣል፤ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ይህን መታገሥ ያቃተው ሐምሌ ላይ ተበድሮ ያስቀባል። ባልደረቀ ልስን ላይ ያረፈ ቀለም መስከረም ሲጠባ እየተነፋ ይላጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ባለቤቱ ግን የሚወቅሰው ቀለሙን ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ማድ ቤቱ ነው። ሳሎኑ ላይ ብዙ አምፖል ያንጠለጠለ ጌጠኛ መብራት ተሰቅሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ የራሱ ወፍራም ሽቦ እንደሚያስፈልገው ግን ማንም አላሰበም። ምጣዱ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ጌጠኛው መብራት ከነሳሎኑ ይጨልማል። ለምርቃቱ የሚሆነው እንጀራ የሚጋገረው እንግዲህ ጓሮ፣ ለሲሚንቶ ማስቀመጫ በቆመችው የባሕር ዛፍ ጎጆ ውስጥ ነው። እንግዶች ኮርኒሱን አንጋጠው «እንኳን ለዚህ አበቃህ!» ሲሉ፣ የቤቱ እመቤት በጭስ የቀላ ዓይኗን እየጠራረገች ወጥ ታቀርባለች።

የምጣዱን ቦታና መስመር እሷ ገና መሠረት ሲቆፈር ጠይቃ ነበር። ጋሼ ፎርማን ግን «ለሱ ይደረስበታል» ብለዋት የበረንዳውን ቀለም ወደ መምረጡ ተመለሱ።