መብራት ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም

ካውንተር ስትራይክን ትቶ ከርሞ መመለስ እንደ አዲስ ከመጀመር ይብሳል። ከጀማሪ ምንም አይጠበቅም። ተመላሽ ግን እጁ ገና ያስታውሳል፤ ደስት ቱ የሚባለውን ካርታ በሮች ዐይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል፤ ሰው የሚያደባበት ጥግ አልጠፋውም። ገብቶ ሲያየው ግን አንድም ነገር በነበረበት የለም። ከአራተኛ እስከ ጀጎል ውስጥ፣ አምስት ለአምስት የምትጫወቱ የሐረር ልጆች፣ እሮሮው የኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለማይጫወት ሰው ብንነግረው መልሱ አንድ ነው፦ «አቦ ጨዋታ አይደለም እንዴ፣ ተወዋ!» ጨዋታ መሆኑን ማን ረሳው? ከሥራ ስንመለስ ለአንድ ሰዓት እፎይ እንድንል ነው የምንቀመጠው። ለዚያች አንድ ሰዓት ይህ ሁሉ ጣጣ ስለምን?

ከማውረዱ እንጀምር። እኔ ያቆምኩት በግሎባል ኦፌንሲቭ ዘመን ነው። መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም፣ እኛ ዘንድ ደመራና መውሊድ በአንድ ቀን በዋሉበት ረቡዕ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወጣና አሮጌውን ተክቶ ቁጭ አለ። በነፃ ነው፣ ተመስገን። ግን አሮጌው 15 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነበር የሚጠይቀው፤ አዲሱ 85 አዘጋጁ ይላል። በዚያ ላይ ዳይሬክትኤክስ 9 ብቻ የሚችሉ የግራፊክስ ካርዶችና ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች ጭራሽ ተትተዋል። እኛ ሰፈር ስንቱ ልጅ ከአጎቱ በወረሰው ማሽን ነበር የሚጫወተው! አዲስ ካርድ እንዳይገዛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ። ነጋዴው ዋጋውን ሲናገር ዐይንህን አያይም።

እሺ፣ ማሽኑ ተገኘ እንበል። ርካሹን የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ለማውረድ ታመቻለህ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። ማውረዱ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ጥቅሉ ግን አንተን አይጠብቅም፣ ሲነጋ ጊዜው አልፏል። ሌላ ሌሊት፣ ሌላ ጥቅል። ወርዶ አለቀ ብለህ ልትገባ ስትል ደግሞ አፕዴት መጣ ይልሃል።

የጀጎልን ቤት ለማያውቅ ሰው ይህን መንገር አለብኝ። ግድግዳው የድንጋይ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ፀሐይ አያስገባም፣ ኔትወርክም አያስገባም። ነደባው፣ ማለትም መደቡ ላይ ላፕቶፑን ዘርግቼ ስቀመጥ ስልኬ አንድ መስመር አያሳይም። ስለዚህ ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ግቢው ግንብ ላይ ይወጣል፤ ሆትስፖቱ በበሩ በኩል እንዲገባ በሩ ወለል ብሎ መከፈት አለበት። እናቴ ብርዱን ፈርታ በሩን ገርበብ ያደረገች እንደሆነ ጠላት ባለበት ይደርቅና ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እኔ ደግሞ ወድቄያለሁ። ገመድ በስቶ ማሳለፍ ይቻል ነበር የሚለኝ አለ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፤ የአያቶቼን ግድግዳ ለጨዋታ ብዬ አልበሳም።

ተሳክቶልህ ብትገባም ሰርቨሩ እዚህ አይደለም። አገራችን ውስጥ የዚህ ጨዋታ ይፋዊ ሰርቨር የለም። ቅርብ የሚባለው ዱባይ ነው፤ ካልሆነ ጆሃንስበርግ፣ ካልሆነ አውሮፓ። ወደብ የለንምና ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገር በኩል ዞሮ ነው ባሕር ውስጥ ወዳለው ገመድ የሚደርሰው። ከሐረር ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ቅርበቷ ግን ለፒንጋችን፣ ለመስመሩ መዘግየት፣ አልረዳውም። ፒንግ መቶን ካለፈ ምን እንደሚሆን የተጫወተ ያውቃል። ጥጉን ይዘሃል፤ ሰውየው ሲወጣ አየኸው፤ ቀድመህ ተኮስክ፤ ጭንቅላቱን ያገኘኸውም መሰለህ። እሱ ግን በራሱ ስክሪን ካንተ በፊት ወጥቶ፣ አይቶህ፣ ጨርሶሃል፤ ያንተ ጥይት ዱባይ ሳይደርስ። ከዕረፍት ለተመለሰ ሰው ይህ ሁለት እጥፍ ነው፤ እጁ ዝጎ ይሁን መስመሩ ዘግይቶ መለየት አይችልም። ስለዚህ ምኑን ያስተካክል?

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን ቅጣቱ ነው። ይህን ሁላችንም ቀምሰነዋል። በተወዳዳሪ ጨዋታ መሃል የወጣ ሰው ይቀጣል፦ መጀመሪያ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 2 ሰዓት፣ ቀጥሎ 24 ሰዓት፣ ከዚያ 7 ቀን መግባት የለም። ሕጉ ለምን እንደወጣ ይገባኛል፤ ተሸነፍኩ ብሎ ተናዶ ጥሎ የሚሄድ ሞልቷል፣ አራት ሰው ለአምስት ትቶ መሄድም ግፍ ነው። ግን የኛን ኑሮ አስቡት። 11 ለ11 ነው፤ 13 የደረሰ ያሸንፋል። ቦምቡ ቢ ላይ ተተክሏል፤ ሁለት ቀርተናል፣ አንደኛው እኔ ነኝ። የቦምብ ማክሸፊያው ኪት እጄ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸጥ ይላል፤ ወዲያው ከየግቢው «መብራት ሄደ!» የሚለው ድምፅ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። አዲሱ ከተማ ያለው ልጅ ደግሞ ራውተሩ ሶኬት ላይ ነውና አብሮ ይሞታል፤ ሆትስፖት ይክፈት፣ ዳታ ይግዛ፣ እስኪገናኝ ጨዋታው አልቋል። እኔ ግንቡ ላይ ባለው ስልክ እተርፋለሁ ብል፣ ሰፈሩ በአንዴ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞርና መስመሩ ይጨናነቃል። መብራቱ ከቆየም የኔትወርኩ ማማ ይከተላል። ስትመለስ የሚጠብቅህ ሰዓት ቆጣሪ ነው። የጠፋህበትን ምክንያት የሚጠይቅ የለም፤ ጥለህ ሄደሃል፣ አለቀ።

ተንኮለኛ ገመድ ነቅሎ «መብራት ሄደብኝ» እንደሚል አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ማመካኛ የማይሰሙት። ግን አንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ብዙ ሰው ከመስመር ሲወጣ ሁሉም ተናዶ ነው እንዴ? ይህን ማየት የሚያቅተው ማሽን ነው?

ቡድኑስ? ከዕረፍት የተመለሰ ሰው ፕሪሚየር በሚባለው ውድድር ደረጃው እንዲታይ 10 ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። እስኪያሸንፍ ከማንም ጋር ይመደባል። አንዱ በአረብኛ ይጮኻል፣ አንዱ በሩሲያኛ ይሰድባል፣ አንዱ ማይኩን ከፍቶ ሙዚቃ ያሰማል። ዝም ካልክ ጥፋት፣ ከተናገርክ «ከየት ነህ?» ይመጣል፤ መልሱን ሲሰሙ የሚከተለውን እዚህ አልጽፈውም። የሚጮኸው ድምፁ ገና ያልጎረነነ ሕፃን መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል፤ እቤቱ ማንም አልሰማውም ማለት ነው።

እኛ እንዲህ አልነበረም የተማርነው። ከፈረስ መጋላ ጀርባ በሰዓት እየከፈልን የድሮውን ካውንተር ስትራይክ 1.6 የምንጫወትበት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በገመድ ተያይዘዋል፣ ኢንተርኔት የሚባል የለም። ፒንግ ማለት ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። አምስታችን ከዚህ፣ አምስታቸው ከዚያ፣ መሃል ላይ ኮምፔንሳቶ መጋረጃ። አንዱ በኦሮምኛ «ቢታ! ቢታ!» ይላል፣ አንዱ በሶማሊኛ ይመልስለታል፣ አንዱ በሐረሪ ይቆጣል፣ ሁላችንም በአማርኛ እንጨቃጨቃለን፤ ግራ ሲባል ግራ ያልዞረ ግን አልነበረም። መብራት ሲሄድ አሥራችንም እኩል ወጥተን ደጅ እንቆማለን፤ ባለቤቱ የቀረችንን ደቂቃ በደብተር ይጽፍልናል። ስንመለስ ከዚያው እንቀጥላለን። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ከተማው ተጨንቆ ቤቱ በተቀመጠበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ፣ ከወንድሜ ጋር ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ገመድ አገናኝተን 1.6 እንጫወት ነበር። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገንም።

አሁን ያ ክፍል የለም። ከአምስታችን አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሪያድ፣ ሌላው ሥራና ልጅ ይዞታል። ታናናሾቻችን ስልካቸው ላይ ፐብጂ ይጫወታሉ፤ ከበርጫ በኋላ በየግንቡ ጥግ፣ ኔትወርክ ባለበት ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱም ያው ናቸው፤ መሃል ላይ ሲቋረጥባቸው እንደ እኛው ነው ጭንቅላታቸውን የሚይዙት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያው ሆነ፤ ቅጣቱ ወደ 24 ሰዓት ወጣ። ሰዓቱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት አራቱን ልጆች ነው። ያን ቀን ደኅና ነበሩ፤ አንዱ በሰባራ እንግሊዝኛ «ጎበዝ፣ ይዘኸዋል» እያለ ጥጌን ይጠብቅልኝ ነበር። ለነሱ እኔ ቦምቡ ላይ ጥሏቸው የሸሸ ሰው ነኝ። ስማቸውን አልያዝኩም፣ ሰዓቱ አልቆ ስገባ ሌሎች አራት ናቸው የሚደርሱኝ፤ መብራት ነው የሄደው ብዬ የማስረዳበት መንገድ የለም።