የእሜቴ ሊቢቲና የሕይወት ታሪክ፣ አረርቲ ላይ በለቅሶ ድንኳን የተነበበ

የዕድራችን አባላት፣ ከባልጪም ከሸንኮራም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ጡሩምባው ሲነፋ «ማን ሞተ?» ብላችሁ ወጥታችሁ፣ የሟቿን ስም ስትሰሙ እርስ በርስ እንደተያያችሁ አይቻለሁ። እሜቴ ሊቢቲና የጥንቷ ሮማ የቀብር ጣዖት ነበሩ። ስንቱን ቀብረው እሳቸው ቀባሪ ስላጡ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንደ ወጉ አነባለሁ።

እሜቴ ሊቢቲና ከአባታቸው ከ... ቦታው ባዶ ነው። የእናታቸውም እንዲሁ። ሐሜተኞች ከፍቅር ጣዖቷ ከቬነስ ጋር አንድ ናቸው ይሏቸው ነበር፤ ለቅሶ ቤት ስለሆንን እናልፈዋለን። ንጉሥ ሰርቪየስ ቱሊየስ፣ ክርስቶስ ከመወለዱ አምስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰው በሞተ ቁጥር ቤተሰቡ ለእሳቸው ቤት አንድ ሳንቲም እንዲያገባ ደነገገ ይባላል። የሟች ቁጥር በሳንቲሙ ይታወቅ ነበር። በንጉሠ ነገሥት ኔሮ ዘመን ወረርሽኝ ገብቶ በአንድ መኸር ብቻ 30,000 ቀብር በሒሳባቸው ላይ ሰፍሯል። እኛ አገር የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ስለሆነ፣ በመዝገብ አያያዝ ሴትዮዋን ለመንቀፍ አፍ የለንም።

ለቀብር የሚያስፈልገው ዕቃና ሰው ሁሉ በኪራይ የሚገኘው ለእሳቸው በተቀደሰው ደን ውስጥ ነበር፤ ደመወዝተኛ አልቃሽ ሳይቀር። ኔኒያ የምትባል የሙሾ ጣዖትም ነበረች፤ ቤተ መቅደሷን ከከተማው ቅጥር ውጭ ሠርተውላታል፤ ድምፅዋ እንዳይረብሻቸው ይመስለኛል። የሮማ ጥንታዊ ሕግ ራሱ ሴቶች ለሞተ ሰው ጉንጫቸውን እንዳይነጩ ከልክሏል። የእኛም ካህናት ይህንኑ ሲገሥጹ ኖረዋል። ሰሚ አግኝተው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ፑቴዮሊ በምትባል የሮማውያን ከተማ የቀብር ሥራ ውል በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ሠራተኞቹ ከ20 ዓመት በታች፣ ከ50 ዓመት በላይ አይሆኑም፤ አንካሳና አንድ ዓይና አይቀጠርም። መኖሪያቸው ራቅ ብሎ ነው። ገላቸውን የሚታጠቡት ጀምበር ከጠለቀ በኋላ፣ ከተማ የሚገቡትም ለሥራቸው ብቻ ነው፤ ያውም ባለቀለም ቆብ ደፍተው፣ ሰው ከሩቅ አውቆ እንዲሸሻቸው። እሜቴን አላከብርም የምለው እዚህ ላይ ነው። ሳንቲሙን እየሰበሰቡ፣ ሬሳ የተሸከመላቸውን ሰው ከማዕድ አስወጡት። አረርቲ ላይ ቃሬዛ ተሸክሞ የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ ከሁላችን ጋር ይቀመጣል።

ባቄላውማ አይነሣ። በሮማውያን ዘንድ በግንቦት፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ አባወራው በባዶ እግሩ ተነሥቶ ጥቁር ባቄላ ወደ ኋላው ዘጠኝ ጊዜ እየወረወረ የሙታንን መንፈስ ያባርር ነበር። እዚህ እኛ ሚንጃር ቢወለዱ ኖሮ ያ ሁሉ ባቄላ ከሽምብራ ጋር ተቀቅሎ ንፍሮ ይወጣው ነበር።

እሜቴ ባደረባቸው ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲማቅቁ ቆይተው፣ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ391 እና በ392 የጣዖት አምልኮን በአዋጅ ሲከለክል ተስፋቸው ተቆረጠ። ልጅ አልተመዘገበላቸውም፤ አዲስ አበባ ላይ ሳጥኑንም መኪናውንም አበባውንም አንድ ላይ በዋጋ የሚያቀርቡትን ቀብር አስፈጻሚዎች ሳይ ግን ዘራቸው የተቋረጠ አይመስለኝም።

አሁን ማስታወቂያ። ዕድር በአገራችን የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ የእሜቴ አገር ሰዎች መቃብራችንን ሲያበዙብን መዋጮ ጀመርን ማለት ነው። በዚህ ላይ ሟች አንድም ወር ከፍለው ስለማያውቁ ከካዝናው የሚወጣ ገንዘብ የለም። ሠልስትም አርባም አይወጣላቸውም፤ ድንኳኑ ዛሬ ማታ ይነቀላል። ንፍሮው ደርሷል። የዚህን ወር ያልከፈላችሁ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ በጓሮ የሚወጣ ሰው እንዳላይ።