ስለ ንብ አያያዝ ጥቂት ምክር

ይህ ጽሑፍ ስለ ንብ ነው። ስለ ሌላ ነገር የመሰለው አንባቢ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የማር ወሬ ጠፍቶ አያውቅምና።

የግብርና ባለሙያ ቀፎን በሦስት ይከፍለዋል፤ ባህላዊ፣ የሽግግርና ዘመናዊ። ባህላዊው በጭቃና በእበት ተለስኖ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ የቱንም ያህል ቢያረጅ የሚቀይረው የለም። ዘመናዊው ሥዕሉ ያምራል። ዕድሜው ረዝሞ የተገኘው ግን የሽግግሩ ነው፤ በእኛ አገር አንዱ ሽግግር ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል።

ክረምቱ ወጥቶ አደዩ፣ መጩና ኑጉ ሲያብብ ቀፎ ይሞላል። ሲሞላ መንጋው ይከፈላል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነውና ማንም አይቃወመውም። የሚደንቀው አወጣጡ ነው። ወጪው ንብ ከመነሣቱ በፊት ሆዱን በማር ይሞላል፤ ባዶ ሆዱን «ጎጆ ልውጣ» ያለ ንብ እስከ ዛሬ አልታየም። ቤቱን ለልጆቹ ለቆ የሚወጣው ደግሞ አሮጌው አውራ ራሱ ነው። በዚህኛው ንብ ከእኛ ይለያል። «እኛ» ስል ንብ አርቢዎቹን ማለቴ ነው።

የጎጃም ቀፎ ለትምህርት ይመቻል። በንጉሡ ዘመን አንድ ትልቅ ቀፎ ነበር፤ አፉ ደብረ ማርቆስ ላይ። በ1980 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ሦስት ሆነ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ ቀፎ ሲመጣ መተከል ወደ ቤንሻንጉል ሄደ፤ አዊ የራሱን ዞን ይዞ እንጅባራ ሰፈረ፤ የምዕራብ ጎጃም መቀመጫም ፍኖተ ሰላም ሆነች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰሜን ጎጃም ወጣ። «ቡሬ ወንበርማ» ይባል የነበረው ወረዳ እንኳ ሁለት ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚቀሰመው አበባ በአንድ ጋት አልጨመረም። የጨመረው አውራ ነው፤ እሱም «አውራ» ሲሉት ሲያወራ ይውላል። በጀትም ይመጣል፤ ለማን እንደበጀ የሚያውቅ ግን የለም። ወረዳው ሁለት መሆኑን እያሰብኩ ይህችን ገጠምኩ፦

ማር ቢጠፋ ከቤት ምን ያስለቅሰናል፤
ወንበርማ ቅርብ ነው፣ እሱስ ይደርሰናል።

ወንበርማ ለቡሬ ሰው በእርግጥ ቅርብ ነው፤ የተጠራጠረ ካርታ ይመልከት።

ስለ ድንጉላ ንብም አንድ ነገር ልበል። ድንጉላ አይቀስምም፣ ሰም አይሠራም፣ መንደፊያም የለውም፤ ድምፁ ግን ከሠራተኛው ንብ ይጎላል። ንቦች አበባ ሲደርቅባቸው ድንጉላውን ከደጃፍ ገፍተው ያወጡታል። እኛ አርቢዎቹ ግን ቀፎው ሲደርቅ ለድንጉላው ሌላ ቀፎ እንሠራለታለን፤ አዲስ ቀፎ ደግሞ ምክትል ድንጉላ አያጣም።

ወደ ደቡብ እንውረድ። በሽግግሩ ጊዜ ከክልል 7 እስከ ክልል 11 የተቆጠሩ አምስት ቀፎዎች ነበሩ፤ ደካማ መንጋ ይዋሐድ ተብሎ አንድ ሆኑ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ወጣ፤ ዓመታት ሲያንጎራጉር የቆየ፣ ሞልቶ የፈሰሰ መንጋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነና አምስቱ ቀፎ በአንድ በኩል አልፎ አራት ሆኖ ተመለሰ። የደቡብ ምዕራቡ ቀፎ አፉ የት ይሁን ቢባል ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ታርጫና ቴፒ ተካፈሉት። ደቡብ ኢትዮጵያ ለስድስት ከተሞች አደላደለ። ማንም አልተከፋም፤ ጉዳይ ያለው ንብ ብቻ ከደጃፍ ደጃፍ ሲበር አበባው ይረግፍበታል።

የተከፈለ መንጋ ወዲያው ቀፎ አይገባም፤ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቃኚዎቹን ይልካል። ቃኚዎቹ የጉድጓዱን ስፋት፣ ድርቀቱንና የአፉን ጥበት መርምረው ይመለሱና እየጨፈሩ ያስረዳሉ። ጭፈራው ወደ አንድ ቦታ ሲያደላ መንጋው ይነሣል፤ የንብ ሕዝበ ውሳኔ ይህ ነው። የእኛ የ1987 ዓ.ም. የቀፎ ደንብ በአንቀጽ 47 የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የጽሑፍ ጥያቄ፣ ከዚያም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ። ጉድጓዱ ውኃ ያፈስስ እንደሆነ የሚጠይቅ ቃል የለበትም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጭፈራው ይቀድማል፤ ቅኝቱ ይከተላል።

በአሜሪካ የኦሪገን ምሥራቃዊ ካውንቲዎች «የከተማው ንብ አይሰማንም» ብለው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ጎረቤቱ አይዳሆ ለመግባት ድምፅ ሲሰጡ ቆይተዋል። ሁለቱ ክልሎችና የአገሪቱ ምክር ቤት ካልተስማሙ አይሆንምና እዚያው ናቸው። የገረመኝ ግን የጠየቁት የጎረቤትን ቀፎ መሆኑ ነው፤ አዲስ አውራ፣ አዲስ ወንበር አላሉም። ምክር የሚሰጣቸው ድንጉላ ሳይጠፋባቸው አይቀርም።

እንግዲህ «ቀፎ አይከፈል» የሚሉትን አርቢዎችም እጃቸውን ማየት ነው። «ንቤ ለምን ይሸሻል» ብሎ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ማሩን ከነእጩ ጠራርጎ የቆረጠው ሰው ነው። ንቡ ሲቆጣበት የሚያውቀው መድኃኒት ጭስ ብቻ ነው። ጭስ ንብን ለአፍታ ያደነዝዛል እንጂ አያጠግብም፤ ሲበዛ ደግሞ ማሩም ጭስ ጭስ ይላል፣ መንገዱም አይታይም፤ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ሆና ሳለች ትርቃለች።

የጎጃም ንብ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ደብቆ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ስም ማሩን ሊቆጥሩ የመጡትን ነደፈ። ብዙ ንብ አለቀ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ያኔ ማንም አዲስ ቀፎ አልጠየቀም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ያለው ገበሬም የፈለገው ማዳበሪያ ነበር፤ ማኅተም አላለም።

ስለዚህ ቀፎ ለመሥራት እንጨት የምትቆርጥ ወንድሜ፣ መጥረቢያውን አስቀምጥና መጀመሪያ ሚዛን አውጣ። ከአሮጌው ቀፎ ስንት ኪሎ ወጣ? ማን በላው? ለንቡ ስንት ቀረለት? አውራህ ይህን በአደባባይ ከነገረህ ቀፎ መቀየር ምን አስቸኮለህ? ካልነገረህ ሥራ፣ ማንም አይፍረድብህ። ሚዛኑን ግን ለድንጉላ አታስይዝ።