ግልባጭ ለሁሉም፦ ዲስኩ 80 ገብቷል

ዲስክ ሲሞላ ሥራ ይቆማል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ባለሙያ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይነገር የሞላ ዲስክ ብልሽት ነው፤ ተነግሮ የሞላ ዲስክ ግን ሰነድ ነው። ስብሰባው ላይ «አለርት ወጥቷል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ወጥቷል፤ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ በየሰዓቱ ሲወጣ ነበር» ብሎ አንገትን ቀና እንደማድረግ ያለ እፎይታ የት ይገኛል? ዳታቤዙ አልጽፍም ብሎ ይሆናል፣ ደንበኛው ብሩ ተቆርጦበት ደረሰኙ ቀርቶበት ይሆናል፤ እኛ ግን ነፃ ነን። የሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ለዚህ ካልተፈጠረ ለምን እንደተፈጠረ የሚያውቅ ይንገረን።

የዚህ ነፃነት ምሰሶ አንድ ቁጥር ነው፤ 80 በመቶ። 80 ሲገባ ማስጠንቀቂያ፣ 90 ሲገባ አደጋ። ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቢሆንም ለታሪክ ያህል ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትሴይንት ተብሎ ተጀምሮ በ2002 ናጊዮስ የተባለው ሶፍትዌር ሲጫን የናሙና ፋይል ይዞ ይመጣል። ናሙናው ውስጥ፣ ነፃው ቦታ ከ20 በመቶ ሲያንስ አስጠንቅቅ፣ ከ10 በመቶ ሲያንስ አደጋ በል የምትል አንዲት መስመር አለች። ዛቢክስ የተባለው ሌላው የሞኒተሪንግ ሶፍትዌርም ለሊኑክስ ባዘጋጀው ቴምፕሌት ላይ እነዚያኑ 80 እና 90 አስቀምጧል። ናሙና እንግዲህ ባለቤቱ የራሱን ዲስክ አይቶ እስኪቀይረው ድረስ የሚቀመጥ ነው። ባለቤቱ አላየም፣ አልቀየረም። ከቁጥሩ ጋር በሰማንያ ተጋብተን ቀረን።

የሕጉ ውበት ለትልቁም ለትንሹም እኩል መሆኑ ነው። አንዱ ሰርቨር ላይ 20 ጊጋባይት የሆነ፣ ሎግ የሚጻፍበት ፓርቲሽን አለ እንበል። አንድ ቀን አፕሊኬሽኑ ያብድና በደቂቃ አንድ ጊጋባይት ስህተት መጻፍ ይጀምራል። ከ80 እስከ 100 ያለው መንገድ አራት ደቂቃ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያየው በየአምስት ደቂቃው ነው፤ ያየውንም ወዲያው አያምንም፣ ደጋግሞ አረጋግጦ ነው የሚናገረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት በኮምፒውተር ሲሠራ ይህን ይመስላል። ሌላው ሰርቨር ላይ ደግሞ 16 ቴራባይት የማኅደር ዲስክ አለ፤ በቀን ሁለት ጊጋባይት ይጨመርበታል። እሱም 80 ገባ። የቀረው ቦታ 3.2 ቴራባይት ነው፤ በዚያ አካሄድ ለመሙላት ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በየሰዓቱ እንዲያስታውስ ከታዘዘ እስከዚያ ድረስ ከ38 ሺህ በላይ መልእክት ይልካል። ፈጥኖ የሚሞተው ሳይናገር ሞተ፤ የማይሞተው አራት ዓመት ሙሉ ያቃስታል። ሁለቱም ግን 80 ላይ ተይዘዋል፤ ፍትሕ ከዚህ በላይ ምን አለ?

አለርት ሲጻፍ ዋናው ጥያቄ «መቼ ይጩኽ?» አይደለም፤ እሱን ናሙናው መልሶታል። ዋናው ጥያቄ «ለማን ይድረስ?» ነው፤ መልሱም ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተወረሰ ነው። ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደረደሩትን ክፍሎች ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ግልባጭ የሚደረግለት ሰው እንዲሠራ ሳይሆን አልሰማሁም እንዳይል ነው። የእኛ አለርት ደግሞ ዋና ተቀባይ የለውም፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ግልባጭ ነው። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ የኔትወርኩ ልጅ አለ፣ የዳታቤዙ ባለሙያ አለ፣ ለተግባር ልምምድ የመጣችው ተማሪ አለች፣ ኃላፊውም አሉ፤ እሳቸው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ድምፁን አጥፍተውታል። አምና ሥራ ለቆ ዱባይ የገባው ልጅም ማንም ስላላስወጣው እዚያው አለ። እንዲያውም አልፎ አልፎ «ጓዶች፣ ይሄ ዲስክ እስካሁን አልጸዳም እንዴ?» ብሎ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው።

ግሩፑን ከፍቶ ወደ ላይ ለሚያንሸራትት ሰው የሚታየው ይህ ነው። «ማስጠንቀቂያ፦ /ቫር 80.1 በመቶ።» ከአምስት ደቂቃ በኋላ፦ «ተፈትቷል፦ /ቫር 79.9 በመቶ።» ከዚያ እንደገና ማስጠንቀቂያ፣ እንደገና ተፈትቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ሲል ያድራል። ማንም ከአልጋው አልወረደም፤ አንድ ጊዜያዊ ፋይል ሲፈጠርና ሲጠፋ ነው ያደረው። ዛቢክስ ለዚህ መላ አለው። 80 ላይ የጮኸው 75 እስኪወርድ ድረስ እንደዳነ አይቆጠር ብሎ የመመለሻውን ሁኔታ ለብቻ መጻፍ ይቻላል፤ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ግን ማን ይጽፋታል? በወሩ ሪፖርት «የተፈቱ ችግሮች» የሚለውን ዓምድ የሚሞሉት እነዚያ አረንጓዴ ምልክቶች አይደሉ እንዴ? ማንም ሳይነካቸው የተፈቱ ችግሮች የክፍሉን ብቃት ያሳያሉ።

ጩኸቱ ሲበዛ ደግሞ መፍትሔ አለ። ፕሮሜቲየስ ከሚባለው የሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ጋር የሚሠራው አለርትማኔጀር አንድን ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ማን እንዳዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ያስጽፋል። የሠሩት ሰዎች፣ ይህን ያህል የተጠየቀ ሰው ያፍራል ብለው አስበው ነበር መሰል። «ለምን» የሚለው ላይ «እየታየ ነው» ይጻፋል፤ «እስከ መቼ» የሚለው ላይ የመጪው ዓመት ቀን ይሞላል። ዝም አይነቅዝም።

ግራፉን በሚያሳየው በግራፋና ላይ ቦርዱ ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልግም አለ፤ ቀይ ቦርድ በጀት ያመጣል። ለእሱ ኡቡንቱን እመክራለሁ። በስናፕ የተጫነ ፕሮግራም ሁሉ እንደ ትንሽ ዲስክ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ይሰቀላል። ለንባብ ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ ከተወለደ ጀምሮ 100 በመቶ ሙሉ ነው፣ ሲኖርም 100 ነው፣ ሲሞትም 100 ነው። እነዚህን ከሕጉ ማስወጣት ቀላል ነው፤ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ጠቅሶ ዝለለው ማለት ብቻ ይበቃል። ካልዘለሉት ግን ፈጽሞ የማይጠፋ አደጋ በነፃ ተገኘ ማለት ነው። እውነተኛው አደጋ ሲመጣም ከእነሱ ጎን ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል።

ሕጉ የማያያቸውም አሉ፤ ሕጉ ስላላያቸው ግን የሉም። ኤክስት 4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ሲፈጠር ሌላ ካልታዘዘ 5 በመቶውን ቦታ ሩት ለሚባለው ዋና ተጠቃሚ ብቻ ያስቀምጣል። ያ 16 ቴራባይት ዲስክ ላይ 800 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ተራው ፕሮግራም ቦታ የለም ተብሎ ሲመለስ ግራፉ ገና 5 በመቶ ነፃ ያሳያል። «ነፃ ያለው ቦታ» እና «ለተጠቃሚ የሚሰጠው ቦታ» ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ ፕሮሜቲየስም ለየብቻ ይሰጣቸዋል። የትኛው ይመረጥ? ከፍ ብሎ የሚታየው ነዋ። በዚህ ላይ «ነፃው ከ5 በመቶ ሲያንስ ጩኽ» የምትል ሕግ የጨመረበት ሰው ለዘለዓለም በሰላም ይተኛል። አይኖድ የሚባለውም አለ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይይዛል፤ ስንት እንደሚኖር የሚወሰነው ደግሞ ኤክስት 4 ሲፈጠር ነው። ምላስ የማይሞሉ የሴሽን ፋይሎች በሚሊዮን ሲከማቹ ቦታው እያለ አይኖዱ ያልቃል። ሰርቨሩ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይላል፤ ግራፉ 41 በመቶ ይላል። ሰው ግራፉን ያምናል፤ ቀለም አለዋ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሌሊቱን ጽዳት ነው። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ባለሙያ አንድ 40 ጊጋባይት የሆነ ሎግ ያገኛል፤ እሰይ ብሎ ያጠፋዋል። የዲስኩን ቦታ በሚያሳየው ትእዛዝ፣ ዲኤፍ ብሎ ያያል፤ 100 በመቶ። ዓይኑን አሽቶ እንደገና ያያል፤ 100 በመቶ። ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካልዘጋው ወይም ዳግም እስካልተነሣ ድረስ ሊኑክስ ቦታውን አይመልስም። ስሙ ከማውጫው ጠፍቷል፤ አካሉ ዲስኩ ላይ ተኝቷል። አሁን ፋይሉ በስም ተፈልጎም አይገኝም። ፕሮግራሙን ዳግም ማስነሣት የሚችለው ክፍል ሌላ ነው፤ የሚነቃውም በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ባለሙያው ግሩፑ ላይ «አጽድቻለሁ» ብሎ ይተኛል። አልዋሸም።

እነሆ ደግሞ መናፍቃን ተነሥተው፣ ስንት ሞላ አትበሉ፣ ስንት ሰዓት ቀረው በሉ የሚል ትምህርት አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ ውስጥ የተጀመረው ፕሮሜቲየስ ያለፉትን ስድስት ሰዓታት አይቶ «በዚህ አካሄድ ነገ በዚህ ሰዓት ባዶ ቦታ አይኖርም» ማለት የሚችል ፋንክሽን አለው። ዛቢክስም አለው። በዚህ ስሌት ያ የማኅደር ዲስክ አራት ዓመት ዝም ይላል፤ በጤናው ጊዜ ፀጥ ያለው የሎግ ፓርቲሽን ደግሞ ማበጥ ሲጀምር ገና 80 ሳይገባ ሊያዝ ይችላል። በእርግጥ እንከን የለሽ አይደለም። ሌሊት ባክአፕ ሲሠራ ግራፉ ቀጥ ብሎ ይወጣና ሶፍትዌሩ መርዶ ያረዳል፤ ጠዋት ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ሁሉም ይረሳል። ለዚህ የሚመለከተውን ጊዜ ማስረዘም፣ ትንበያውንም «ቦታውም በእርግጥ ካነሰ» ከሚል ሁለተኛ ሁኔታ ጋር ማሰር ይበቃል። ሊሠራ ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። «80 በመቶ» ማለት ወሬ ነው፤ «19 ሰዓት ቀርቶሃል» ማለት ግን ትእዛዝ ነው። 19 ሰዓት የተሰጠው ሰው ነገ ምን ብሎ ያመካኛል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ቅጠሉን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይፈልጋል፤ በስም መጠራትን ደግሞ ማንም አይወድም።

ይህ ሁሉ በድህነታችን የመጣ ነው የሚል ካለ ቶዮታን ይይ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2023 የመኪና ክፍሎች ትእዛዝ በሚያስተናግዱ ሰርቨሮች ላይ መደበኛ ጥገና ተደረገ። ኦገስት 29 ጃፓን ያሉት 14ቱም የኩባንያው መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ቆሙ። ኩባንያው ሴፕቴምበር ላይ ባወጣው መግለጫ ምክንያቱን ተናገረ። ዳታቤዙ ውስጥ የተጠራቀመው መረጃ እየጠፋና እየተደራጀ ሳለ የዲስክ ቦታ አልበቃ አለ። ልብ በሉ፤ ቦታ ያለቀው ሲጸዳ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል። ተጠባባቂው ሲስተምስ? እሱም እዚያው ሲስተም ላይ ስለነበር ያው ችግር ገጠመው። የዳነው መረጃው ሰፋ ወዳለ ሰርቨር ሲዛወር ነው።

ዳታቤዝ ሲያጠፋም ይጽፋል፤ ምን እንዳጠፋ መመዝገብ አለበትና። ጽዳቱ ራሱ ስንት ጊጋባይት እንደሚበላ ደግሞ የ80 በመቶው ሕግ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ጥገና ከመጀመሩ በፊት ይህን የሚጠይቅ ሕግ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን ለእሱ ናሙና የለውማ።

ሞኒተሪንግ ሰርቨሩን ማን ሞኒተር ያደርገዋል የሚል ጥያቄ የሚያነሡም አይጠፉም። የሁሉን ሰርቨር ታሪክ በየደቂቃው የሚመዘግበው እሱ ነው፤ ቶሎ የሚሞላውም እሱ ነው። ሲሞላ መመዝገብ ያቆማል፣ መመዝገብ ሲያቆም አለርት አይወጣም፣ አለርት ካልወጣ ሁሉ ሰላም ነው። እንዲህ ያለ ቀን ግሩፑ ላይ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያለ ጥሩ ቀን ነው» የሚል መልእክት ይታያል።

ከአደጋው በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ የተያዘውን ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁ፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ የሁሉም አንድ ነውና። ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ መውጣቱን አምኖ፣ ገደቡ ከ80 ወደ 70 በመቶ ዝቅ እንዲል፣ መልእክቱም ከቴሌግራም በተጨማሪ በኢሜይልና በኤስኤምኤስ ለሦስት ተጨማሪ ክፍሎች እንዲደርስ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። በማግስቱ ጠዋት ከ70 በላይ የሆኑት ሰርቨሮች በሙሉ በአንድ ላይ ጮኹ። ለእነሱ አዲስ ግሩፕ ተከፈተ፤ ዱባይ ያለው ልጅም ተጨመረበት።